መስል ካር ሞዴል መሥራት፦ ከዓመታት በኋላ ለሚመለሱ ዝርዝር መመሪያ

በልጅነታችሁ የፕላስቲክ መኪና ትገጣጥሙ ነበር። ከዚያ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ልጅ ማሳደጉ መጣና ነገሩ ተረሳ። አሁን ደግሞ እጃችሁን በላው። እንኳን ደህና መጣችሁ። ኪቱ (በሳጥን የሚሸጠው የሚገጣጠም ቁርጥራጭ) ራሱ ያን ያህል አልተለወጠም። በዙሪያው ያለው ግን ተለውጧል፦ ሙጫው፣ ቀለሙ፣ ክሮም የምናስመስልበት ነገር። ዓይናችንም እንደዚያው፤ እሱን ወደኋላ እናነሳዋለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው የመመሪያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ከሞተር ይጀምራል። እኔ ከቦዲው ጀምሩ ነው የምለው። የጦር ታንክ ሞዴል የሚሠራ ሰው ጉድለቱን በጭቃና በዝገት ይሸፍናል። መስል ካር (ጉልበተኛው የድሮ የአሜሪካ መኪና) ላይ ይህ አይሠራም። ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ቀለም ነው፤ አቧራውም፣ ጭረቱም፣ የጣት አሻራውም እዚያው ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ቀለም በደንብ እስኪደርቅ ደግሞ ቀናት ይፈጃል። ስለዚህ ቦዲው ቀድሞ ይቀባ፤ ሞተሩና ሻንሲው (የመኪናው የታችኛው አካል) እሱ እየደረቀ ይሠራሉ። ይህ መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ኪት ስትመርጡ

መስል ካር ባጭሩ መካከለኛ መጠን ባለው የአሜሪካ መኪና ውስጥ የተሰካ ትልቅ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ነው። ብዙ ሰው መነሻውን የ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ ያደርገዋል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ሞተሩ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ወደ 6.4 ሊትር ነበር። ዘመኑ አጭር ነው። የኢንሹራንስ ክፍያው ናረ፣ የጭስ ሕጉ ጠበቀ፣ በ1973 ደግሞ የነዳጅ ቀውሱ መጣና አበቃ። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ኪቶች ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ባሉት መኪኖች ላይ የሚያተኩሩት።

መጠኑ ወይ 1/24 ወይ 1/25 ነው። 5 ሜትር የሚረዝም መኪና በ1/25 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በ1/24 ደግሞ 20.8። ለዓይን ልዩነቱ እምብዛም ነው። ከአንዱ ኪት ጎማ ወይም ሞተር አውጥታችሁ ሌላው ላይ ልትገጥሙ ስትሞክሩ ግን ያስቸግራችኋል።

የሳጥኑ አዲስነት አያታላችሁ። የኪት አምራቾቹ የኤኤምቲና የኤምፒሲ ስሞች ዛሬ ራውንድ 2 በሚባል ድርጅት ሥር ናቸው፤ የድሮዎቹ የሞኖግራም ሞልዶች (ፕላስቲኩ የሚቀረጽባቸው ቅርጾች) ደግሞ ሬቬል እጅ ገብተዋል። ከእነዚህ ሞልዶች ብዙዎቹ በእናንተ ልጅነት ፕላስቲክ ሲያወጡ የነበሩት ናቸው። ሳጥኑ ላይ አዲስ ሥዕል ይለጠፋል፤ ውስጡ ያው ነው። አሮጌ ሞልድ መሆኑን የምታውቁበት ምልክት አለ። ማርሚታው ከሻንሲው ጋር አንድ ሆኖ ከወጣ፣ ወይም የፊት ጎማዎቹን የሚያገናኘው የብረት ዘንግ የሞተሩን ሆድ በስቶ የሚያልፍ ከሆነ ዲዛይኑ አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ነው። ይህ ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የአንዳንዱ አሮጌ ኪት የቦዲ ቅርጽ ከአዲሶቹ ይበልጣል። ግን መግጠሙ ያታግላል።

የመጀመሪያው ኪታችሁ የምትወዱት መኪና አይሁን። ይህን ምክር ማንም መስማት አይፈልግም፤ ቢሆንም እውነት ነው። ዕድሜ ልካችሁን ስትመኙት የኖራችሁት የ1970 ቼቬል ኤስኤስ ካለ እሱን አቆዩት። ቁርጥራጩ ያነሰ፣ በቅርብ ዓመታት የተነደፈ፣ ብዙም ስሜት የማይሰጣችሁ መኪና ገዝታችሁ እጃችሁን አፍታቱበት።

የመኪናውን ዓመት በደንብ እወቁ። በእነዚህ መኪኖች ዓለም የአንድ ዓመት ልዩነት ትልቅ ነው። የ1970 ፕሊመዝ ባራኩዳ የፊት መብራቱ ሁለት ነው፤ የ1971ዱ አራት ነው። የ1968 ዶጅ ቻርጀር የኋላ መብራቶች ክብ ናቸው፤ የ1969ኙ ረዘም ያሉ ሲሆኑ የፊት ግሪሉም መሐል ላይ ተከፍሏል። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የጎን ማመልከቻ መብራት ወይም አንጸባራቂ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ የ1967 መኪና ጎን ላይ ትንሽ መብራት ለጥፋችሁ ብትገኙ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይይዛችኋል። ሥራ ሳትጀምሩ የእውነተኛውን መኪና ፎቶዎች ሰብስቡ። በተለይ የሞተር ክፍሉንና ከታች በኩል የተነሳውን ፈልጉ።

ከዕቃ ቤት የወጣ አሮጌ ኪት ካላችሁ

ሳጥኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ ጎማዎቹን እዩ። የድሮ ጎማዎች ለስላሳ ቪኒል ናቸው። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል በጊዜ ብዛት ይወጣና የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። ጎማው መስታወቱ ላይ ተኝቶ 30 ዓመት ከቆየ የጥርሱ ምልክት መስታወቱ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። ያን በማወልወል ማዳን ይከብዳል፤ ሌላ መስታወት መፈለግ ይሻላል። ጎማዎቹ ምንም ካልሆኑ አሁኑኑ አውጥታችሁ ለብቻቸው ፌስታል ውስጥ አድርጉ።

ቀጥሎ በውሃ የሚለጠፉት ስቲከሮች አሉ። ቢጫ ሆነው ከሆነ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፏቸው። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ቢጫነቱ ይለቃል። ከመጠቀማችሁ በፊት አንዱን የማትፈልጉትን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሞክሩ። ከተሰባበረ በቀሪዎቹ ላይ ግልጽ ላከር ስሱን ነፍታችሁ አድርቁ፤ ያያይዛቸዋል።

ቦዲው በቀይ ፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቀዩ ቀለም በነጭና በቢጫ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፤ በሮዝ ቀለም የተቀባ መኪና ካላማራችሁ በስተቀር ማለቴ ነው። ከፕራይመሩ (ከመጀመሪያው የሥር ቀለም) በላይ አንድ የብር ቀለም ንብብር ነፍታችሁ ዝጉት።

በልጅነታችሁ ሠርታችሁት የተረፈ ሞዴል ካለ እሱም ይድናል። ድሮ የተቀባ ኢናሜል ቀለም የፍሬን ዘይት ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይላላል፤ ከዚያ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ይፋቃል። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩ።

ጠረጴዛው ላይ ምን ይኑር

ትንሽ ነው የሚያስፈልጋችሁ። የፕላስቲክ መቁረጫ ፒንሳ፣ ስለታም ቢላና ብዙ ትርፍ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ቀጫጭን ሞረድ፣ ከቁጥር 400 እስከ 2000 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፣ በእጅ የሚሽከረከር ትንሽ መሰርሰሪያ፣ ማስኪንግ ቴፕ። ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚነፋው መሣሪያ) ለጊዜው ይቆይ። ከጥሩ የስፕሬይ ቀለም የሚወጣ ቦዲ ከማንም አያንስም።

ገንዘባችሁን ብርሃንና ማጉያ ላይ አውጡ። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የቅርብ ዕይታ መድከሙ ያለ ነው። በልጅነት በአንድ አምፖል የምታዩት ካርቡሬተር ዛሬ የደበዘዘ ነጥብ ነው የሚሆነው። ግንባር ላይ የሚታሰር ማጉያ ግዙ፤ ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሆናል። መብራት ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የራሳችሁ እጅ ጥላ ይጥልባችኋል።

ቀለምና ሙጫ ስትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አጠገብ አይኑር። ለስፕሬይ የጨርቅ ማስክ ዋጋ የለውም፤ የኬሚካል ትነት የሚይዝ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን የመኪና ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚነፋ ግልጽ ሽፋን) ለጀማሪም ለተመላሽም አልመክርም። ውስጡ አይሶሳያኔት የሚባል ጎጂ ኬሚካል አለ፤ እሱ ከተራ ማስክ የሚያልፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሙጫ

ያ በቱቦ የሚመጣው ወፍራምና ክር የሚጎትት ሙጫ አሁንም ይሸጣል። ተዉት። አሁን የምትፈልጉት ውሃ የሚመስለውን ቀጭን ፈሳሽ ሙጫ ነው። አሠራሩ ከድሮው ተቃራኒ ነው። ድሮ ሙጫ ቀብታችሁ ታጣብቁ ነበር። አሁን ሁለቱን ቁርጥራጭ መጀመሪያ አገጣጥማችሁ ትይዛላችሁ፣ ከዚያ በብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያውን ንክት ታደርጋላችሁ። ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን ተከትሎ ይሮጣል። ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያጣብቀው። ጣታችሁ መጋጠሚያው ላይ ካለ ግን ሙጫው ጣታችሁ ሥር ገብቶ አሻራችሁን ያትማል።

ይህ ሙጫ የሚሠራው ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ሲነካካ ብቻ ነው። ቀለም ወይም ክሮም ካለ መጋጠሚያውን ፋቁ። ለብረትና ለተቀባ ነገር ሱፐር ግሉ ወይም ኢፖክሲ ተጠቀሙ። ለመስታወት ግን ሱፐር ግሉ በፍጹም አይሆንም፤ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ለእሱ ሲደርቅ ግልጽ የሚሆነውን ነጭ የእንጨት ሙጫ ውሰዱ።

ቦዲውን ማዘጋጀት

ሁሉንም ቁርጥራጭ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከሞልዱ እንዲላቀቅ የሚቀባው ቅባት አለ፤ ቀለም አያስይዝም። ከዚያ አየር ላይ አድርቁ።

አሁን ቦዲውን በመብራት ፊት ለፊት ያዙና ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከፊት መከላከያው ጫፍ ተነስቶ በጣሪያው ጠርዝ በኩል እስከ ኋላ የሚሄድ ቀጭን መስመር ታያላችሁ። የሞልዱ ሁለት ክፍሎች የተገናኙበት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ደግሞ አጉልቶ ያወጣዋል። በምላጩ ጀርባ ፋቁት፣ ከዚያ በቁጥር 600 አለስልሱ። መስመሩ በበሩ ጌጥ ወይም በመስኮቱ ክፈፍ ላይ ካለፈ ጌጡን እንዳታጠፉት በቀጭን ሞረድ ሂዱ።

ፕላስቲኩ ወፈር ባለበት ቦታ ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ሊኖሩ ይችላሉ። ለእነሱ ስስ ስቱኮ ቀቡ፣ አድርቁ፣ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ።

ቀጥሎ የበሩን፣ የኮፈኑንና የኋላ ዕቃ መጫኛውን ክፍተት መስመሮች በምላጭ ጀርባ ወይም ለዚህ በተሠራ መፋቂያ አጥልቁ። ለምን? ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1/25 ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም እውነተኛው መኪና ላይ ቢሆን 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። ፕራይመር፣ ቀለምና ክሊር ሲደራረብ ጥልቀት የሌለው የበር መስመር ይሞላና በሩ ከቦዲው ጋር የተበየደ ይመስላል። እጃችሁን ሳትጫኑ ደጋግማችሁ በስሱ እለፉ። አንዴ በኃይል ከገፋችሁ ምላጩ ሾልኮ በሩ ላይ ይጋልባል።

ከቀለም በፊት አንድ የሚዘለል የማይመስል ግን ሁሌም የሚዘለል ሥራ አለ። ሻንሲውን፣ የውስጥ ክፍሉን፣ መስታወቱንና ቦዲውን ያለሙጫ በቴፕ አገጣጥሟቸው። ኮፈኑ በደንብ ይቀመጣል? የውስጥ ክፍሉ ሻንሲውን ወደታች ይገፋዋል? ጎማዎቹ ከቅስቱ መሐል ናቸው? አሁን በሞረድ የሚስተካከለው ነገር ከቀለም በኋላ ልብ የሚሰብር ይሆናል።

ፕራይመርና ቀለም

መጀመሪያ ስለ ቀለም ዓይነት። ኢናሜል ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ላከር ቶሎ ይደርቃል፣ ለማወልወልም ይመቻል፤ ለቦዲ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። አክሪሊክ ለትንንሽ ቁርጥራጮች በብሩሽ ሲቀባ ጥሩ ነው። መርሳት የሌለባችሁ ሕግ፦ ኢናሜል ከላከር በላይ ይቀባል፤ ላከር ግን ከኢናሜል በላይ አይቀባም። ከቀባችሁ ከታች ያለው ይሸበሸባል። ለእውነተኛ መኪና የተሠራ ኃይለኛ ላከር ደግሞ ያለ ፕራይመር ፕላስቲኩን ይበላዋል። ፕራይመሩም፣ ቀለሙም፣ ክሊሩም ከአንድ ድርጅት ቢሆን ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል። ካልሆነ ሦስቱንም በቅድሚያ ፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ደራርባችሁ ሞክሩ።

በቀለም ምርጫ ራሳችሁን አስደስቱ። የክራይስለር መኪኖች (ዶጅና ፕሊመዝ) በ1970 አካባቢ የወጡባቸው ደማቅ ቀለሞች ዛሬም ልብ ይሰርቃሉ። ዶጅ ፕለም ክሬዚ የሚለውን ሐምራዊ ፕሊመዝ ኢን ቫዮሌት ይለዋል። የብረት ብልጭታ ያለው ቀለም ከፈለጋችሁ ለሞዴል የተሠራውን ግዙ። የእውነተኛ መኪና ቀለም ብልጭታው ለ1/25 ትልቅ ነው፤ መኪናው ግሊተር የተነሰነሰበት ይመስላል።

አሁን ወደ መንፋቱ። ቦዲውን ከውስጥ በኩል ጠርሙስ ወይም የታጠፈ ወፍራም ሽቦ ላይ በቴፕ አስሩት፤ እጃችሁ ቀለም የሚነፋበትን ቦታ እንዳይነካ። የስፕሬዩን ቆርቆሮ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆዩ። የፈላ ውሃ አይሁን፣ ሊፈነዳ ይችላል። ለብ ሲል ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሙም ደቀቅ ብሎ ይወጣል። ከዚያ በደንብ በጥብጡት፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላም ቀጥሉ።

ከ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ገደማ ንፉ። ጣታችሁን ከቦዲው ውጭ ተጫኑ፣ በቦዲው ላይ እለፉ፣ ከቦዲው ውጭ ልቀቁ። መጀመሪያ የማይደረስባቸውን ቦታዎች ያዙ፦ የመስኮት ክፈፎች፣ የበር ሥር፣ የጎማ ቅስቶች። ጣሪያውና ኮፈኑ መጨረሻ ይሁኑ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ስስ ይሁኑ፤ ፕራይመሩ አሁንም በመካከል ይታይ። በየዙሩ መሐል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የመጨረሻው ዙር እርጥብ ይሁን፤ መብራቱን ላዩ ላይ ስታዩት እንደ መስታወት መመለስ አለበት። ከዚያ በኋላ አንድ ዙር ልጨምር የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ ቆርቆሮውን አስቀምጡ። ቀለም የሚንጠባጠበው ያኔ ነው።

ብልጭታ ባለው ቀለም ኮፈኑን ለብቻው አትቀቡ። ቦታው ላይ አስቀምጣችሁ ከቦዲው ጋር በአንድ አቅጣጫ ንፉ። ብልጭታው የሚተኛው በተነፋበት አቅጣጫ ነው፤ ለየብቻ ከተቀቡ የአንድ መኪና አካል አይመስሉም።

ቀለሙ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሻከረ ከርቀት ነፍታችኋል ወይም ስሱን አብዝታችኋል። ነጭ ጉም ካለበሰ አየሩ እርጥበት ነበረው፤ ደረቅ ቀን ጠብቁ። አቧራ ወይም ትንኝ ካረፈበት አትንኩት! እርጥብ ቀለም ላይ ጣት መስደድ ትንሹን ጉድለት ትልቅ ያደርገዋል። ይድረቅ፣ ከዚያ በቁጥር 2000 በውሃ ይስተካከላል። ቦዲውን ወዲያው በካርቶን ክደኑት።

ደርቋል ወይስ አልደረቀም? አፍንጫችሁን አስጠጉ። ቀለም የሚሸት ከሆነ አልደረቀም።

ቀለሙ እየደረቀ፦ ሞተርና ሻንሲ

ሞተሩን በፋብሪካው ቀለም ቀቡ። ሼቭሮሌ ብርቱካናማ፣ የ1960ዎቹ መጨረሻ ፎርድ ሰማያዊ፣ የዚያው ዘመን ፖንቲያክም የራሱ ሰማያዊ፣ የክራይስለር 426 ሄሚ ብርቱካናማ ነው። ካምቢዮው አብዛኛውን ጊዜ ያልተቀባ አሉሚኒየም ወይም ብረት መሳይ ይሁን። ትንሽ ጥቁር ኢናሜል በብዙ ቲነር አቅጥናችሁ በሞተሩ ላይ አፍስሱ፤ ጎድጓዳው ይጠቁርና ዝርዝሩ ይወጣል።

ሞዴሉን ከአሻንጉሊት የሚለየው የካንዴላ ሽቦ ነው። ቪ8 ከሆነ ከዲስትሪቢዩተሩ ስምንት ሽቦ ወደ ካንዴላዎቹ፣ አንድ ደግሞ ወደ ቦቢናው ይሄዳል። የእውነተኛው ሽቦ ውፍረት 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1/25 0.28 ይመጣል። ከዚህ የወፈረ ሽቦ ከተጠቀማችሁ ሞተሩ ላይ የአትክልት ቧንቧ የተጠመጠመ ይመስላል። የዲስትሪቢዩተሩን አናት በመርፌ ምልክት አድርጉ፣ በ0.3 ወይም 0.35 መሰርሰሪያ በጣታችሁ ብቻ እያዞራችሁ ብሱት። ዘጠኙን ቀዳዳ ለመብሳት ቦታ ካጣችሁ መሐሉ ላይ አንድ ሰፋ ያለ ብሱና ሽቦዎቹን በጥቅል አስገቡ፤ ሲያልቅ ማንም አይለየውም።

የዲስትሪቢዩተሩ ቦታም ይለያያል። ሼቭሮሌና ፖንቲያክ ላይ ከሞተሩ ኋላ ነው፤ ፎርድና ትላልቆቹ የክራይስለር ሞተሮች ላይ ከፊት ነው። በሄሚ ላይ ሽቦዎቹ ወደ ጎን አይወርዱም፤ በቴስታታ ክዳኑ መሐል ባሉት ቀዳዳዎች ነው የሚገቡት።

የሞተሩ ክፍል ግድግዳስ? በክራይስለር መኪኖች የቦዲውን ቀለም ይይዛል፤ በጂኤም (ሼቭሮሌና ፖንቲያክ) እና በፎርድ አብዛኛውን ጊዜ ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነው። ሻንሲው ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቼቬልና ጂቲኦ ለብቻው የቆመ ፍሬም ስላላቸው እሱን ጥቁር አድርጉ። ዶጅ ቻሌንጀርና ባራኩዳ ፍሬማቸው ከቦዲው ጋር አንድ ነው፤ ከታች ፕራይመር መሳይ ግራጫ ላይ የቦዲው ቀለም ከዳር ከዳር ብናኙ ቢታይ ፋብሪካው የሚያወጣውን ይመስላል። ማርሚታውን ብረት መሳይ፣ ባሌስትራውን ጥቁር።

የውስጥ ክፍል

እዚህ የሚያስፈልገው የቀለሙ ድምቀት ልዩነት ነው። ወንበሩ ቪኒል ስለሆነ ደብዘዝ ያለ ብልጭታ፣ ምንጣፉ ጭራሽ የማያበራ፣ ዳሽቦርዱ በሁለቱ መካከል። ሁሉም ጥቁር ቢሆን እንኳ ይህ ልዩነት ሕይወት ይሰጠዋል። የዳሽቦርዱ ሰዓቶች ላይ አንዳንድ ጠብታ ግልጽ ቀለም ጣሉ፤ መስታወት ይመስላል። ከዚህ በላይ አትድከሙ፤ በትንሿ መስኮት ማን ያየዋል?

ማወልወልና ክሮም

ቀለሙ መሽተት ሲያቆም በቁጥር 2000 ውሃ እያስነካችሁ ጉብታውን አስተካክሉ። ከዚያ ከ3200 እስከ 12000 የሚደርሱትን የማወልወያ ጨርቆች በተራ እለፉ፣ በመጨረሻም በማወልወያ ክሬም። ጠርዞችን አትንኩ። የመከላከያው ሹል መስመርና የኮፈኑ ጫፍ ላይ ቀለሙ ስስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሳባችሁ ፕራይመሩን ታዩታላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት በቀጭን ቴፕ ሸፍኗቸው።

ስቲከር ካለ አሁን ይለጠፋል። የተወለወለ ቦታ ላይ ነው በደንብ የሚይዘው፤ የማለስለሻ ፈሳሽ ብትጨምሩበት ደግሞ ከጉብታና ከበር መስመር ጋር ይጣበቃል።

ከዚያ ክሮሙ። በድሮው ጊዜ በብር ቀለምና በሚንቀጠቀጥ እጅ ነበር። አሁን ጀርባው ሙጫ ያለው፣ ከወረቀት የሳሳ የአሉሚኒየም ፎይል አለ፤ ቤር ሜታል ፎይል በሚል ስም የሚታወቀው ነው። ለመስኮት ክፈፍ የሚበቃ ቁራጭ ከሚያስፈልገው ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። በወረንጦ አንሱትና ክፈፉ ላይ ሳትጎትቱ አስተኙት። ከመሐል ጀምራችሁ በጆሮ ጥጥ ወደ ዳር አሹት። የክፈፉ ጠርዝ በፎይሉ ሥር እስኪታይ ድረስ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ሂዱበት። አሁን አዲስ ምላጭ አስገቡ። አዲስ ስል አዲስ ማለቴ ነው፤ ለአንድ መኪና ብዙ ምላጭ ያልቃል። የምላጩን ጫፍ ጠርዙ ላይ አሳርፉና በራሱ ክብደት ይሂድ። አትጫኑ። ፎይሉን ብቻ ነው የምትቆርጡት፤ ከተጫናችሁ ቀለሙም ይቆረጣል። ትርፉን ቀስ ብላችሁ ላጡት። ከተቀደደ ሌላ ቁራጭ ደርቡበት፤ መጋጠሚያው ሲታሽ ይጠፋል።

ኪቱ ውስጥ ያሉት ክሮም ቁርጥራጮች በጣም ከወፈሩ ወይም የሞልድ መስመራቸው ከታየ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፏቸው። ክሮሙ ይለቃል። አስተካክላችሁ በክሮም ቀለም መልሱት። ይህ ቀለም እንደ መስታወት ያበራል፤ ግን በጣት ሲነካካ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከገጠማችሁ በኋላ አትነካኩት። ጥቁር ቀለም አቅጥናችሁ ግሪሉን አጥለቅልቁና ከላይ ያለውን በጨርቅ ጥረጉ። ጥቁሩ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀራል፣ ክሮሙ ከላይ ይወጣል። ለዚህ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ለውጡ ግን ያስደንቃል።

መግጠምና አቋቋም

መስታወቱን በነጭ ሙጫ፣ ከዚያ የውስጥ ክፍሉን፣ ከዚያ ሻንሲውን ግጠሙ። አሮጌ ኪት ላይ የቦዲውን ጎኖች ትንሽ ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል። ቀስ በሉ፤ የንፋስ መከላከያው ምሰሶ ቀጭን ነው። ሻንሲውን ከኋላ አስገቡና ወደ ፊት አውርዱ። ባምፐር፣ ስፖኪዮና የዝናብ መጥረጊያ መጨረሻ ይገባሉ፤ ቀድመው ከገቡ ይሰበራሉ።

የጎማውን መሬት የሚነካ ክፍል በቁጥር 400 ፈተግ አድርጉት። መስመሩም ይጠፋል፣ የፕላስቲክ ብልጭታውም ይሄዳል። ጎማው የድሮ ቪኒል ከሆነ ቸርኬው የሚነካበትን ቦታ በፎይል አልብሱት፤ ያኔ አያቀልጠውም።

አሁን መኪናውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁሙትና ከፊት ለፊት በዓይን ደረጃ እዩት። አራቱም ጎማ መንካት አለበት። አንዱ ከተንሳፈፈ ሙጫው ሳይደርቅ አክስሉን (የጎማዎቹን ዘንግ) አስተካክሉና ሌሊቱን ቀላል ክብደት ጭናችሁ ተዉት። ከፊት ትንሽ ዝቅ፣ ከኋላ ትንሽ ከፍ ያለ አቋቋም ለእነዚህ መኪኖች ያምርባቸዋል። ብዙ ኪት ግን ከፋብሪካው ፊቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚቆመው። ከፊት አክስል መያዣው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ በሞረድ ብታነሱ መኪናው መልኩ ይቀየራል።

የምታስቀምጡት ከፀሐይ ራቅ ባለ ቦታ ይሁን፤ ስቲከሩና ደማቁ ቀለም ይነጣሉ። ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ካስገባችሁት ጎማዎቹ ወለሉን በቀጥታ እንዳይነኩ ሥሩ ላይ ወረቀት አንጥፉ። የተረፉትን ቁርጥራጮች አትጣሉ። ትርፍ ቸርኬ፣ ትርፍ ካርቡሬተር፣ ትርፍ ወንበር በትንሽ ሳጥን አጠራቅሙ፤ ለሚቀጥለው ኪት ያስፈልጋሉ።